የእትዬ ሲሚንቶ አምቡላንስ

«ማን ይነዳዋል?»

የጨረታው ጸሐፊ ይህን የጠየቃት ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ነበር። እትዬ ሲሚንቶ በመስኮቱ ግቢው ውስጥ የቆመውን መኪና አየች። ከጦሩ ጡረታ የወጣውን አሮጌ አምቡላንስ ለመግዛት ሦስት ወር ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ከርማለች። ሞተሩን አስፈትሻለች፣ ጎማዎቹን በእግሯ እየመታች አይታለች፣ «ስንት ሰው ሞቶበት ይሆን?» ብላ ሳይቀር ተጨንቃለች። ማን እንደሚነዳው ግን አንድ ቀን እንኳን አላሰበችም። ወይም አስባ፣ መልሱን ስለፈራችው ትታዋለች።

«ሰው አይጠፋም» አለች በመጨረሻ።

«ሰው እንደማይጠፋማ አውቃለሁ፣ እናቴ» ብሎ ሳቀና ጸሐፊው ቅጹ ላይ የሾፌሩን ስም ቦታ ባዶ ትቶት አለፈ።

እትዬ ሲሚንቶ የሚለውን ስም ያወጡላት የጭነት መኪና ተራው ሾፌሮች ናቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በግቢዋ ብሎኬት እያመረተች ልጆቿን ስላሳደገች፣ ፊቷና ፀጉሯ አመድ እንደለበሰ ነው የሚውለው። ሊያበሽቋት ብለው ነበር። እሷ ግን «ሲሚንቶማ ውሎ ሲያድር ይጠነክራል፤ ሌላ ስድብ ፈልጉ» ብላቸው ስሙን ወሰደችው።

ችግሯ ስሙ አልነበረም። በዚያ ሰፈር የሚጫን ነገር ሁሉ የሚያልፈው በተራው አለቃ እጅ ነው። አለቃው ብሎኬቷን ለእሱ ብቻ እንድትሸጥ ጠየቃት፤ እምቢ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ተራ አልደርስ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብሎኬቱ በግቢው ተደርድሮ ይሰነብታል፣ ቤት የሚሠራው ሰው ይጠብቃል፣ ይሰለቻል፣ ሌላ ጋ ይሄዳል። ሠራተኞቿም አንድ በአንድ ሄዱ። ከእሷ ጋር የቀረችው ሴት ልጇ ብቻ ናት። ታላቅየው ወንዱ ልጇ ሾፌር ነው፤ የሚነዳውም የዚያኑ የአለቃውን መኪና ነው።

አምቡላንሱ እየተጎተተ ግቢ የገባ ዕለት ወንዱ ልጇ መጣ።

«እማዬ፣ ምንድነው ይሄ?»

«መኪና።»

«መኪና አይደለም፤ አምቡላንስ ነው።»

«ጎማ አለው፣ ሞተር አለው።»

«ቃሬዛም አለው!» አለና በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ፣ ልትለው ያሰበችውን ከፊቷ ያነበበ ይመስል፣ እጁን አወናጨፈ። «እኔን እንዳታስቢ። አለቃ ቢሰማ ዛሬውኑ ነው የሚያባርረኝ። ጓደኞቼስ ምን ይሉኛል? ማንን ገደልክ ነው የሚሉኝ።»

«እኔ እነዳዋለሁ» አለች እህቱ፣ ከብሎኬት ማሽኑ ጀርባ።

«አንቺ? ብስክሌት እንኳን ነድተሽ የማታውቂ!»

«ስላልገዛህልኝ ነዋ።»

እናትየዋ አልሳቀችም። በማግሥቱ ልጅቷን መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ወስዳ አስመዘገበቻት፤ ከዚያም ሁለት ወር ሙሉ፣ ሥራዋን ትታ፣ በማሠልጠኛው አጥር ሥር እየቆመች ጠበቀቻት። መኪናው ጥጉ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ነጠላዋን ትነክሳለች። አሠልጣኙ «እናትየዋ እስክትረጋጋ ልጅቷን ማሳለፍ አልችልም» እያለ ይቀልድ ነበር። ልጅቷ ግን አለፈች።

አምቡላንሱን የሥራ መኪና ያደረገው አንድ በያጅ ነው። ሸምገል ያለ፣ ጥርሰ ፍንጭት ሰው ነው፤ የሚሠራውም ተራው አጠገብ፣ ከአለቃው በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ከዚያ አራቱን ቃሬዛና የተንጠለጠሉበትን ብረት አወጣ፣ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ነቀለ፣ ጣሪያውን ከጋቢናው ኋላ ቆርጦ ጣለ። የቀረውን በቱቦላሬ ብረት አቆመው፤ ወለሉን በወፍራም ላሜራ ለበጠው፤ በጎንና በጎኑ ተከፍቶ የሚወርድ ስፖንዳ ሠራለት። እትዬ ሲሚንቶ ሁሉም አልቋል ብላ ስትደሰት ከመኪናው ሥር ጠራት።

«ነይ፣ ጎንበስ በይ። ባሌስትራውን አየሽው? ስስነቱን አየሽ?»

«አየሁ» አለች፤ ያየችው ግን የተነባበረ ብረት ብቻ ነው።

«ይሄ የተሠራው ለሚያቃስት ሰው ነው። ጉድጓድ ሲገባ እንዲያባብለው። ብሎኬት ማባበል አይፈልግም። በየጎኑ ሁለት ሁለት ንጣፍ እጨምርበታለሁ። ከዚያ ወዲያ በሽተኛ ብትጭኚበት ይሞትብሻል፤ ብሎኬት ግን ይችላል።» አንዱን ብሎኬት አስመዝኖ ተመለሰ። «አሥራ አምስት ኪሎ ነው። መቶ ትጭኛለሽ። መቶ አንድ አትበዪ።»

ቀለሙን ሰማያዊ ቀቡት። በሩ ላይ የሚጻፈውን ልጅቷ ለቀለም ቀቢ ልትሰጥ ስትል እናትየዋ ብሩሹን ነጠቀቻት። ከዓመት ወዲህ ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ላብ ላብ እያላት፣ «ብሎኬት» ብላ ጻፈች። የመጨረሻው ፊደል ትንሽ ወደቀባት። መኪናው መጀመሪያ በተራው ሲያልፍ አንዱ ሾፌር «ፊደሉ ሰክሯል!» ብሎ ጮኸ።

«ሰከረም አልሰከረም፣ አነበብከው አይደል?» አለችው እትዬ ሲሚንቶ ከጋቢናው።

በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤት አጥር የሚሠራ ተቋራጭ ግቢዋ መጣ። ብሎኬቱን አነሳ፣ አንኳኳ፣ ወደደው። «ብሎኬትዎ ጥሩ ነው፤ ችግርዎ ማድረስ ነው ይሉኛል» አላት። «ቅዳሜ ከምሳ በፊት መቶ ብሎኬት ሥራው ቦታ ካደረሱልኝ የአጥሩን ብሎኬት በሙሉ ከእርስዎ እወስዳለሁ። ካላደረሱ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግንበኞቼ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም።»

ይህ ካመለጣት ማሽኑን ከመሸጥ ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም። ይህን ለልጅቷ አልነገረቻትም፤ ልጅቷም እንደምታውቅ አልነገረቻትም።

ቅዳሜ ማለዳ ጫኑ። እትዬ ሲሚንቶ ድርድሩን እየዞረች ዳሰሰች፣ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። «መንገድ ላይ ቢሰበርስ?» ብላ አሥር አስጨመረች።

«እማዬ፣ መቶ አንድ አትበዪ ተብለሻል» አለች ልጅቷ።

«አሥር ምን አላት! ነይ ንጂ።»

ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ በተራው በኩል ሽቅብ ይወጣል። ሾፌሮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው «ዊው፣ ዊው፣ ዊው!» እያሉ እንደ አምቡላንስ ጮኹ። አንዱ መንገድ ለቀቀና በሽተኛ የሚያሳልፍ መስሎ አጎነበሰ። ልጅቷ ፊቷን ቀጥ አድርጋ ማርሽ ቀነሰች። ዳገቱ ግማሽ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። የኋላ ጎማው እዚያ ሲገባ «ጓ!» አለ፤ የመኪናው ጀርባ ተቀመጠ፤ ጎማው ከብረቱ ጋር ተፋተገና የጎማ ሽታ ያለው ጭስ ወጣ።

ቆሙ።

«በሽተኛው ራሱ አምቡላንሱ ሆነ!» አለ አንዱ። ተራው በሳቅ ፈረሰ።

አለቃው ከወንበሩ ተነስቶ ቀስ ብሎ መጣ፤ የእትዬ ሲሚንቶ ልጅም ከኋላው።

«እትዬ፣ ይብቃሽ» አላት፣ ያዘነ መስሎ። «ብሎኬቱን አሁኑኑ አስደርስልሻለሁ። የሚያደርስልሽም የገዛ ልጅሽ ነው። ይሄን ቆርቆሮ ለቁርጥራጭ እወስድልሻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ በኔ በኩል ትሸጫለሽ፤ አለቀ።»

«እማዬ፣ እሺ በይው» አለ ልጇ። «በናትሽ። ሰው እየሳቀብሽ ነው እኮ።»

ይህን ጊዜ በያጁ ከክፍሉ እየሮጠ መጥቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ አልተከፋም። «አልተሰበረም። ከብዶት ነው። ስንት ጫናችሁ?»

«መቶ…» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አሥር።»

«አሥር ብሎኬት ብቻዋን እንዲህ አታስቀምጠውም።» አንዱን ብሎኬት አነሳና መዳፉን ተመለከተ። መዳፉ እርጥብ ነበር። «እትዬ፣ ይሄን ማን ውኃ አጠጣው?»

ብሎኬት ከተመረተ በኋላ ቀን ቀን ውኃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። እነዚህ ጠጥተው ጨርሰው፣ ደርቀው ነበር። ግን ፀሐዩ በርትቶ፣ ሐሳቡም በርትቶባት፣ ተቋራጩ አንድ ስንጥቅ ቢያገኝስ ብላ፣ ትናንት ሁለት ጊዜ፣ ዛሬም ከመጫናቸው በፊት በቱቦ አርከፍክፋባቸው ነበር። ብሎኬት ደግሞ እንደ ስፖንጅ ነው፤ የሰጡትን ይጠጣል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ለመንገድ ስንቅ ቋጠርሽለት በይኛ!» ብሎ በያጁ ፍንጭት ጥርሱን አሳየ።

እዚህ ላይ ማፈር ነበረባት። እሷ ግን ደረቷ ላይ የነበረው ነገር ቀለላት። ጥፋቱ የመኪናው አይደለም፤ የራሷ ነው። የራሷን ጥፋት ደግሞ ማረም ትችላለች።

«ስፖንዳውን አውርዱ!» አለች።

ሦስቱ ሆነው ሃምሳውን አወረዱና መንገዱ ዳር፣ የአለቃው መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ደረደሩት። የመኪናው ጀርባ ቀና አለ።

«ሂጂ» አለቻት ልጅቷን። «እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቃለሁ። በቀስታ። ሁለተኛ ማርሽ። ቀበቶሽን! ሰው ቢጠራሽ አትዙሪ።»

«እማዬ፣ ትምህርት ቤቱ እኮ ይታያል።»

«ይታይ! ቀስ ብለሽ!»

በያጁ ለማውረድ አብሮ ሄደ። እትዬ ሲሚንቶ ብሎኬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ የመኪና ማቆሚያ ነው» አላት አለቃው። «አንሺ።»

«ይነሳል።»

«አሁን!»

«አሁንማ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስጠበቅኸኝ ሰውዬ፣ አንድ ሰዓት መጠበቅ አቃተህ?»

ከሾፌሮቹ አንዱ ሳቀ፤ አለቃው ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠው። ከዚያ አለቃው ወደ ልጇ ጣቱን ቀሰረ። «መኪናህን አምጣና ቦታህ ላይ አቁም።»

ልጇ እናቱን አየ፤ አለቃውን አየ። ሄዶ ጋቢና ገባ። ትልቁ መኪና አጓርቶ ወደ ኋላ መምጣት ጀመረ። ክላክሱን ነፋ። እትዬ ሲሚንቶ የተቀመጠችበትን ብሎኬት በሁለት እጇ ያዘችው። ልጇን በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ እሱም አያት። አልተነሳችም። ክላክሱ ደግሞ ተነፋ። ብረቱ ቀረበ፣ የሞተሩ ትኩሳት ፊቷን ነካት፣ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

እሱ አልወረደም። እሷ አልተነሳችም። በመጨረሻ መኪናው ማርሽ ቀየረና ወደ ፊት ሄደ፤ ከተራው ወጥቶ፣ ታች መንገድ ዳር ብቻውን ቆመ። አለቃው ቢጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ሰማያዊው መኪና ሲመለስ ተነስታ ስፖንዳውን አወረደች። ሁለተኛውን ዙር ጭነው ሲያደርሱ ግንበኞቹ ገና ምሳ አልበሉም። ተቋራጩ በመዶሻ ጫፍ አንኳኳቸው፤ አንድ ስንጥቅ አላገኘም። «አሥሩስ?» ሲላት «ተሸክመን አንመለስም፤ ይያዟቸው» አለችው። የአጥሩ ሥራ በሰኞው ተጀመረ።

አለቃው በያጁን ከተከራያት ክፍል አስወጣው፤ የእትዬ ሲሚንቶን ልጅ ግን አላባረረውም። በያጁም ዕቃውን በሰማያዊው መኪና አስጭኖ እትዬ ሲሚንቶ ግቢ ገባ። ከወር በኋላ አለቃው ከመኪኖቹ ግማሹን ሌላ ከተማ ላለ የመንገድ ሥራ ላከ፤ ልጇም ሊሰናበት መጣ።

«ለምንድነው ያልተነሳሽው?» አላት፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ። «ፍሬኑ ባይዝልኝስ?»

«ፈርቼ ነበር» አለችው። «አንተስ ለምን አልወረድክም?»

ጉንጯን ስሟት ወጣ። እስከ በሩ ሸኘችው፤ ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ አትሂድ አላለችውም፣ ሂድም አላለችውም።

ልጇ ከአለቃው መኪኖች ጋር ሄደ። ሴት ልጇና በያጁ ቀሩ።