የጀውሃ አፎች

ሂዳያ የኢንኩቤተሩን፣ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሙቅ ሳጥኑን፣ በር ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ያየችው ግን አልተለወጠም። በክብ የፕላስቲክ ሳህኖቹ ውስጥ የበግ ደም የተቀላቀለበት የባክቴሪያ ምግብ ቀይ እንደሆነ ተኝቷል። እዚህም እዚያም የበቀለ ባክቴሪያ ነጠብጣብ አለ፤ ከዚያ በላይ ምንም።

«ሳይፋቅ» የተባሉትን በግራ፣ «ከተፋቀ በኋላ» የተባሉትን በቀኝ ደረደረቻቸው። የዛፍ መፋቂያ የአፍ ባክቴሪያን ይቀንሳል ወይ? የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ የሂዳያ ጥናት ባጭሩ ይኸው ነው። የግራዎቹ መወረር፣ የቀኞቹ መጽዳት ነበረባቸው። አሁን ግን ግራና ቀኙ መንታ መስሏል።

ካንዲት ሳህን በቀር። የከባድ መኪና ሹፌሩ ሙጂብ «ሳይፋቅ» የሰጣት ናሙና ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል።

ሙቀት ጎደለ እንዳትል፣ ያለችው ሸዋ ሮቢት ነው። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ቀልደኞች እዚህ አገር ኢንኩቤተር መግዛት ትርፍ ወጪ ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃል ይላሉ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች የተማሪዎቹን ሥራ ያያሉ። ሥራውን የወደዱለትን አንድ ተማሪ ለክረምቱ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪያቸው ይወስዳሉ። አማካሪዋ ዶክተር ሮቤል ደግሞ ችኩል ሰው ነው፤ ባክቴሪያው ሳይበቅል የጥናቷን ፖስተር አሳትሟል። ማጠቃለያው በደማቅ ቀለም «መፋቂያ የአፍ ባክቴሪያን በእጅጉ ይቀንሳል» ይላል።

ሂዳያ ስልኳን አወጣች። እዚያው አቅራቢያ ጀውሃ ከተማ መንገድ ዳር ቁርስ ቤት ያላት አክስቷ ራቢዓ ናት ጎረቤቱንና ደንበኞቿን ለናሙና የሰበሰበችላት።

«አክስቴ፣ ናሙና የወሰድኩ ዕለት አፋችሁን ፍቃችሁ ነበር እንዴ የጠበቃችሁኝ?»

«ታዲያስ! ሱብሒን ሳንፍቅ ልንሰግድ ኖሯል?»

«ከቁርስ በፊት ነው የምመጣው ብያችሁ ነበር እኮ!»

«ቁርስ ሳትበሉ ጠብቁኝ አልሽ፣ ጠበቅንሽ። አትፍቁ ብለሻል? ደግሞ መምጫሽ ሲቃረብ እኔው ራሴ ለሁሉም አዲስ መፋቂያ አድያለሁ። የተማረች ልጃችን አፋችንን ልታይ ስትመጣ ባደረ አፍ ልንቀበልሽ? ወላሂ አላደርገውም!»

ሂዳያ ግንባሯን ያዘች። «ከቁርስ በፊት» የሚለውን ከጥናት መመሪያው ላይ ነበር እንዳለ የገለበጠችው። መመሪያው የተጻፈበት አገር ሰው ቁርሱን በልቶ ይቦርሻል፤ እዚያ ከቁርስ በፊት ማለት ያደረ አፍ ነው። እሷ ግን ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት እየፋቀች ያደገች ልጅ ናት። ነጩን ጋዋን ስትለብስ ጀውሃን በር ላይ አውልቃ የገባች ይመስል ረሳችው።

«ሙጂብስ?» አለች።

«ሙጂብ ምን ሆነ?»

«የሱ ብቻ በቅሏል።»

ራቢዓ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መፋቂያውን ሳድል መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሰግጃለሁ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ውሸታሙ!»

«በአላህ ይዤዎታለሁ አክስቴ፣ ለማንም እንዳያወሩ።»

«እኔ ምን አወራለሁ? ያንቺው ባክቴሪያ አወራበት።»

ሳትስቅ ዘጋችው። ዶክተር ሮቤል ክራቫቱን እያጠበቀ ገባ።

«እህሳ፣ ልጆቻችን እንዴት አደሩ?» አለ ወደ ሳህኖቹ እያየ።

ሁሉንም ነገረችው። እየሰማት ሳለ ዓይኑ የሙጂብ ሳህን ላይ ወደቀ፤ ፊቱም በራ።

«ይቺ! ይቺንና የቀኝ ጓደኛዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ሌላውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቺ።»

«አንድ ሰው እኮ ነው ዶክተር።»

«ፎቶ ላይ የሚያምረውም አንድ ሲሆን ነው።»

«ሌሎቹ ቀድመው ፍቀዋል።»

«ጎሽ! ፍቀዋል፣ ጸድተዋል። ማጠቃለያችን ልክ ነው ማለት ነው።»

«ስንት እንደነበረ ሳናውቅ ስንት እንደቀነሰ በምን እናውቃለን?»

ዶክተሩ ፈገግታውን ሰበሰበ። «ሂዳያ፣ ክረምቱን ጀውሃ ሻይ እየቀዳሽ ማሳለፍ ነው የምትፈልጊው?»

መልስ ሳይጠብቅ እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ።

ጋዋኗ ከጀርባዋ ተጣበቀ። ትሪውን ይዛ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች፣ በሩንም ከፈተች። ብርዱ ፊቷን መታት። ክረምቱን አሰበችው፤ በአዲስ አበባው ላቦራቶሪ ውስጥ ስሟ የተለጠፈበት ወንበር ታያት። ኮሪደሩ ላይ ሳቅና የጫማ ድምፅ ተሰማ። የዶክተሩ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይጮኻል፤ «በጣም ግልጽ ውጤት ነው ያገኘነው!»

ማቀዝቀዣውን ዘጋችው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የሹፌሩ ስም ያለበትን ወረቀት ልጣ የሱንም ሳህን ከሌሎቹ መሀል መለሰችው። ከኪሷ ማርከር አውጥታ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፖስተር ማጠቃለያ ላይ መስመር አሰመረች።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ሮቤል ከእንግዶቹ ቀድሞ ፖስተሩን አየና ክራቫቱን ላላ አደረገ።

ሂዳያ የግራዎቹን ሳህኖች ወደ እንግዶቹ አስጠጋች።

«ከስህተቴ ልጀምር» አለች።