የተደፋው ጭልፋ

«እጁ አይታጠፍም ነበር» አለ አንድ ድምፅ ከሳሎን። «እሱ ቤት ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው ካለ እስቲ ይነሳ።»

ኩሽና ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ። ልነሳ እንዴ፣ አለች በሆዷ። መላጧን ቀጠለች።

ሳሎን የተነሳ ሰው የለም። ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች አንዱ ካንዱ እየተቀባበሉ ሟቹን ያነሱታል፤ ባሏን፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጩን። በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። ለሰፈሩም፣ ለሥራ ባልደረባውም፣ በዚያ መስመር ለሚመላለሰው ተሳፋሪም «ጋባዡ» ነው። ጡረተኛው መምህር ጋባዡ ቤት የበሉትን እያስታወሱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ የጋባዡ ልጅ ጥርስ የበቀለ ጊዜ ስለበላው ኬክ አነሳ፤ እንደዚያ ያለ ኬክ ከዚያ ወዲህ ጥርሱ ላይ አላረፈም።

ያ ኬክ የደረቀ ዳቦ ነበር። ከዚሁ ከጋጋሪው ሱቅ ሳይሸጥ ያደረውን በርካሽ ገዝታ፣ በወተት ዘፍዝፋ፣ የብርቱካን ልጣጭ ፈቅፍቃ፣ ላዩን በስኳር አሳርራ ያቀረበችው። ሰውዬው የራሱን ያደረ ዳቦ በልቶ ጣቱን ልሷል። እሷ ደግሞ ይኸው ስንት ዘመን ምስጋናው ወደ ማን እንደሚሄድ ትሰማለች።

ጋባዡ ለመደሰት ሰበብ አያጣም። የልጅ ጥርስ፣ የጎረቤት ሬድዮ መጠገን፣ ጠፍቶ የሰነበተ መብራት መምጣት፣ ሁሉም በዓል ነው። የአውቶቡሱ በር ላይ እንደቆመ «እሁድ እኛ ጋ!» ይላል፤ ቅዳሜ ወደ ማታ ማጅራቱን እያከከ ኩሽና ይገባል።

«ብዙ ናቸው?» ትለዋለች።

«ኧረ ትንሽ ናቸው።»

የሱ ትንሽ አንድ አውቶቡስ የሚጭነውን ያህል ነው። ምን ይዘን፣ በምን፣ ብላ ስትጮህበት ትከሻዋን መታ መታ ያደርግና «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብሎ ይወጣል። ሙሉ ትዳሯ በዚህች አንዲት ቃል ነው የተገፋው። አንቺ ታውቂበታለሽ።

ታውቅበት ነበር። አንዲት ቁራጭ ሥጋ ቀቅላ እንደ ክር ትመዛታለች፤ ጣቶቿ የለመዱት ሥራ ነው። የማንም ሳህን ላይ ጉርሻ የሚሞላ ሥጋ አይገኝም፣ የማንም ሳህን ግን ሥጋ አጥቶ አያውቅም። ሽንኩርቱን እስኪጠቁር ታቁላላዋለች፤ ሽታው ቀድሞ ወጥቶ እንግዳውን በር ላይ ግማሽ ያጠግበዋል። ሾርባውን እየፈላ ታቀርበዋለች፤ እፍ እፍ ሲሉ ጊዜ ይሄዳል፣ ሲቆዩ ደግሞ የሚበላው ያንሳል።

አንድ ነገር ብቻ አይደረግም፤ ጭልፋው የድስቱን ቂጥ አይነካም። ያንን ድምፅ የሰማ እንግዳ እጁን ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ ሳቅ የለም። ስለዚህ ወጡ ሊያልቅ ሲል ድስቱን ትከድንና ጭልፋውን ክዳኑ ላይ ትደፋዋለች። ጋባዡ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊቱን ወደሷ ሳያዞር እንኳን ያያታል። ሳህኑን ገፋ ያደርግና ይጀምራል፤ «መስታወት የጫነውን ሰውዬ ነግሬያችኋለሁ?»

ነግሯቸዋል። «ንገረን!» ይላሉ።

ሲመሻሽ ነው። አንድ ተሳፋሪ የቁም ሳጥን መስታወት ይዞ ገብቶ ከኋላ አቁሞታል። ጋባዡ በሰው መሃል እየተጋፋ ቲኬት ሲቆርጥ ከፊቱ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ተገትሮ ያገኛል። ሂሳብ ሲለው ዝም። ሲቆጣው መልሶ ይቆጣዋል፣ ድምፅ ግን የለውም። «ዩኒፎርም ስለለበስክ በነፃ የምትሄድ መሰለህ?» ብሎ ክንዱን ሊይዝ ሲል ጣቱ ከራሱ ጣት ጋር ይጋጫል። ሰው እንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ ድስቱ ተነስቶ ሻይ መጥቷል። ድስቱ ባዶ በሆነ መጠን ታሪኩ ይረዝማል፤ በጣም በባሰበት ቀን መስታወቱን የጫነውን ሰውዬ ሚስት ሳይቀር ያመጣታል። ስለ ጭልፋው ግን ሁለቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። አንድ እሁድ እንዲሁ ተጀመረ፣ እንዲሁ ኖረ።

ልጇ ባዶ ብርጭቆ ተሸክማ ገባች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ነገር ስትናገር መድኃኒት እንደምትሰጥ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። አጎቷ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ በለቅሶው መዝጊያ ቀን ሁሉም እዚህ ይብላ ብሎ መለፈፉን ነገረቻት።

ልብስ ሰፊዋ ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለችው። ወጥታ ዋርሳዋን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል፤ የወንድሙን ኮት ለብሷል።

«ምን ይዘህ ነው የጠራኸው?»

«እትዬ፣ የሱ ቤት ነው እኮ። ሰው ደረቁን ይመለስ?»

«ምን ይዘህ ነው አልኩህ።»

«አንቺ» አለ ትከሻዋን ሊነካ እጁን እየዘረጋ፣ «ታውቂበታለሽ።»

እጁን በእርጥብ እጇ መታ መለሰችው። ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች፤ ልጅቷ ውስጥ ቀርታ ነበር።

«የዚያን ቀን እናገራለሁ። እፊታቸው ቆሜ፣ የበላችሁት የሱን አይደለም፣ የኔን ነው እላቸዋለሁ።»

«እማዬ፣ በሱ ቀን?»

«ቀኑማ መቼም የሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ያችን ዓረፍተ ነገር ሰው እየሸኘችም፣ ልብስ እያጣጠፈችም በውስጧ አለቻት። የበላችሁት የሱን አይደለም። ያጽናሽ ሲሏት አንገቷን እየደፋች፣ የኔን ነው።

ጋባዡ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለም መጋበዙን አልተወም። በፔርሙስ ሾርባ ትወስድለት ነበር፤ ለሾርባው አጥንት መግዣ የሰው ቀሚስ ስታጠብ ስታሰፋ አምሽታ። አንድ ቀን ስትገባ ከጎኑ የተኛው ባለ ክራንች ፊቱ በርቶ ለግብዣው እንደሚመጡ ነገራት። ለካ ጋባዡ ሲወጣ ሊደግስላቸው ክፍሉን በሙሉ ጠርቷል። «ማን ነው የሚያበስለው?» አለችው፤ ድምፅዋ እስከ ነርሶቹ ጠረጴዛ ተሰማ። ክንዱ በመርፌ ታስሮ ስለነበር ትከሻዋን ሊነካ አልቻለም። አፉን ብቻ አንቀሳቀሰ። የሚለውን ታውቀዋለች፤ ሳትጠብቅ ወጣች። በማግስቱ ፔርሙሱን ይዛ ስትደርስ አልጋው ተነጥፏል።

የመዝጊያው ቀን ሥጋውን በትልልቁ ልትቆርጠው ነበር ያሰበችው። ለደረሰው ይድረስ፣ ያልደረሰው ያፍጥጥ፣ ለአንዴ እንኳን ይታይ። ግን ቀቅላ ስታወጣው ጣቶቿ ዝም ብለው መምዘዝ ጀመሩ። ጣቶቿን ሰደበቻቸው። እነሱ መዘዙ።

ሰው ሞላ። ባለ ክራንቹም መጣ፤ በር ላይ ቆሞ፣ ግብዣው እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፣ አላት። ገብቶ እንዲቀመጥ በእጇ አሳየችው፤ እሱ ግን አልጨረሰም።

«ሾርባሽ ግን እህቴ! ለክፍሉ እኮ ነበር የሚያካፍለን። ሲያልቅበት ስለ መስታወት ይጀምርልናል።»

«ለክፍሉ?»

«እኔ ቤቴ ስለምጠግብ እናንተ ጠጡ፣ ይለን ነበር። የመጨረሻው ቀን ታሪኩ መሃል ላይ ደከመውና ተወው። ለመሆኑ ያን ባለ ዩኒፎርም ክንዱን ያዘው?»

ፊቷ እንደ ፍም ጋለ። አጥንቱ፣ ቀሚሶቹ፣ ያመሸችበት። አንዲት ማንኪያ እንኳን ለራሱ ሳያስቀር። ወደ ድስቱ ሄደች። አሁን ነው የምናገረው፣ አለች፤ ይሄ ይጨመርበትና አሁን ነው።

ድስቱ ሳሎን፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር። ቆማ አወጣች። መምህሩ በሉ፣ ጋጋሪው በላ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር ሁለቴ በላ። ቤቱ በማንኪያ ድምፅ ተሞላ። ዓረፍተ ነገሩ ጉሮሮዋ ላይ ነው፤ አፏን መክፈት ብቻ ነው የቀራት። ዋርሳዋ ሳህኑን ዘረጋ።

«እትዬ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ።»

ጭልፋውን ሰደደች። ወጡ ሊያልቅ ነው፤ ጭልፋው ቀለላት። እጇ ድስቱን ከደነና ጭልፋውን ክዳኑ ላይ ደፋው።

ቀና ብላ ወደ ጠረጴዛው ማዶ አየች።

እዚያ የጋባዡ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ የእንግዶች ኮት ተከምሮበታል። ጠበቀች። አንድ ሰው አሳለው። ጋጋሪው ዳቦ ቆረሰ። ዋርሳዋ ሳህኑን እንደዘረጋ ነው፤ ባለ ክራንቹ እያየ ያላምጣል። ስለ መስታወት የጠየቀ የለም።

ጉሮሮዋ ላይ የነበረውን ፈለገችው፤ አጣችው።

ክዳኑን አነሳች። ጭልፋውን እስከ ታች ሰደደችና ፋቀች። ብረት ከብረት ጋር ጮኸ። ማንኪያዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። መምህሩ ሳህናቸውን አቀርቅረው አዩ። ዋርሳዋ የዘረጋውን ቀስ አድርጎ መለሰው። እሷ ዙሪያውን፣ ጥጋጥጉን፣ ምንም የሌለበትን ቂጡን እየተጫነች ፋቀች። ልጇ እጇን ልትይዛት ተነሳችና መልሳ ተቀመጠች።

ፋቀች።