ቦናያ ከሥሩ የተኛበት መኪና

ቦናያን አልወደውም። ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ለካ ትወደው ኖሯል» ምናምን እንዳትሉኝ ነው። የእህቴ የረሆቦት ባል ነው፤ ከነገሌ እስከ ሞያሌ እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር። የጠላሁት የቦረና ልጅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። እኔም ነገሌ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ስናደድ ቀድሞ የሚመጣልኝ ኦሮምኛው ነው። የጠላሁት ለአፉ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚያ ነጭ መኪና ነው። አንድ ቀን ከሞያሌ በኩል እየነዳ መጥቶ ጋራዤ በር ላይ አቆመው። ጋራዡ የአባቴ የሸዋንግዛው ነበር፤ እሱ ሲሞት እኔ ያዝኩት። ቦናያ ሰው ሁሉ እያየ ካምቢዮው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ተጫነ፤ መኪናው ከተንበረከከበት እንደሚነሳ ግመል ብድግ አለ። ደግሞ ተጫነ፤ ዝቅ አለ። ሰው አጨበጨበ።

እኔ ጎንበስ ብዬ ሥሩን አየሁት። እንደ ሌላው መኪና የሚሸከመው የብረት ባሌስትራ የለው፣ ሞላ የለው። በየጎማው ላይ ያለው አየር የተሞላ የላስቲክ ከረጢት ነው፤ ያ ሁሉ ብረት የተቀመጠው አየር ላይ ነው። ኮምፕሬሰሩ አየር ሲሞላው ከፍ ይላል፤ ድንጋይ ቢመጣ ሆዱን አይነካውም። አየሩ ሲለቀቅ ዝቅ ይላል፤ አስፋልት ላይ መሬቱን ይዞ ይሮጣል። አልዋሽም፣ ሲሄድ አልጋ ነው። ችግሩ ሲቆም ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የማስነሻው ቁልፍ ተነቅሎ እንኳ ኮምፒዩተሩ አይተኛም። ቆይቶ ይነቃና አራቱን ጎማ ያያል። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መኪናው ካዘነበለ፣ ላስተካክል ብሎ የሌሎቹን አየር ያስተነፍሳል፤ ሁሉንም ዝቅ ወዳለው ጥግ ያወርዳል። ከሥር ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም።

የቆላ ሹፌር ደግሞ ቀትር ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ዛፍ በሌለበት አገር ጥላ ማለት መኪና ነው፤ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል። በባሌስትራ መኪና ስንት ዘመን ተኝተዋል፤ ባሌስትራ ብረት ነው፣ የትም አይሄድም። ቦናያ ከሁሉም ይብሳል፤ ቀትር ላይ ካላሸለበ ሰው አይሆንም።

«ቦናያ፣ ሌላውን እንደፈለግህ» አልኩት። «ከዚህ መኪና ሥር ግን እንዳትተኛ። ይወርድብሃል።» በደግ ነው ያልኩት።

ወደ ሰዉ ዞሮ ሳቀ። «ወለላ የማታውቀውን ሁሉ ትፈራለች» አለ። «ባልም ያጣችው በዚሁ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ግባና ተኛ» አልኩት። «ገብተህ ድፍት በል። ከእንግዲህ ላንተ አፌን ብከፍት የአባቴ አጥንት ይውጋኝ።»

በአባቱ አጥንት የማለ ሰው አይመለስም። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው በረሆቦት በኩል ሆነ። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን «ጨው አቀብለኝ በይው» እላታለሁ። እሱ ደግሞ «እጅሽ አይደርስም ወይ በያት» ይላታል። ረሆቦት ያኔ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፤ እንዲያም ሆኖ በሁለታችን መሃል ስትላላክ ትውላለች። አልራራንላትም፣ እኔም እሱም።

ባለፈው በጋ የቦናያ አጎት ሜጋ ላይ ልጁን ሲድር፣ ረሆቦት «አንቺ ካልመጣሽ አልሄድም» አለችኝ። ሄድኩ። በዚያው ነጭ መኪና፣ እነሱ ከፊት ወንበር፣ እኔ ከኋላ። አሬሮን አልፈን ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ከመንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት ፊት ለፊት አቆምን። አንድ ግራር ብቻ አለች፤ ጥላዋን ፍየሎች ይዘውታል። እኔና ረሆቦት ወደ ሻይ ቤቱ ስንሄድ ቦናያ የውሃ ጀሪካኗን ሲያወርድ አየሁት። ጀሪካን የሚያወርደው ትራስ ሊያደርጋት ነው።

ሻዬን ይዤ ስቀመጥ ዓይኔ መኪናው ላይ አረፈ። የፊት ቀኝ ጎማው ጎርፍ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። መኪናው ወደዚያው አዘንብሏል። የቦናያ እግሮች ብቻ ከሥር ወጥተው ይታያሉ።

«ረሆቦት፣ ባልሽን ቀስቅሺው። ይወርድበታል።»

«ይህንኑ ስትዪ ወራት አለፈ፤ ሁልጊዜ ይተኛበታል፣ አልወረደም» አለች። ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች። «ዛሬስ ደክሞኛል። ከፈለግሽ ራስሽ ንገሪው።»

ይህ ሰው እዚያ ቢቀር ነገሌ ምን እንደሚል ይታወቀኛል፤ «ወለላ ረገመችው፣ ሞተ» ነው የሚለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእሱ አልነበረም የሰጋሁት። እህቴ ሆዷን ይዛ መበለት ስትሆን ታየኝ፤ አባቱን ሳያይ የሚወለደው ልጅ ታየኝ። ብድግ አልኩ። ብድግ ስል የመኪናው የኋላ በኩል ዝቅ ሲል አየሁ።

ብርጭቆውን ጥዬ ሮጥኩ። ሁለት ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ጎተትኩ። ቦናያ ባነነ፤ ዓይኑን ሲገልጥ ያየው እግሩን ይዛ የምትታገለውን ጠላቱን ነው፤ በተረከዙ አገጬን አቀመሰኝ። ከንፈሬ ተተረተረ። አልለቀቅሁትም። እናቴን ጨምሮ በኦሮምኛ ሰደበኝ። እኔ ትንፍሽ ሳልል መጎተት ብቻ። ደረቱ ወጣ፤ ራሱ ወጣ። መኪናው ጀሪካኗ ላይ ተቀመጠና አፈነዳት፤ ውሃው እስከ እግራችን ፈሰሰ።

አቧራው ላይ ተቀመጥን። ቦናያ ጀሪካኗን ያያል። እንደ ቂጣ ተጠፍጥፋለች። ፊቱ አመድ መሰለ።

ረሆቦት ሆዷን ደግፋ በባዶ እግሯ ደረሰች። እኔ ደሜን እየጠረግሁ «ሁለተኛ ከሥሩ እንዳይተኛ ንገሪው» አልኳት። ቦናያም ዓይኑን ከጀሪካኗ ሳይነቅል «ገለቶሚ በያት» አለ። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

ረሆቦት ሁለታችንንም በየተራ አየችን።

«ከሻይ ቤቱ እስከዚህ ዝም ብለሽ ነው የሮጥሽው» አለችኝ። «‹ቦናያ ውጣ› ብትዪ እዚያው ሆነሽ ይሰማሽ ነበር። ብትደናቀፊስ ኖሮ?»

«ምያለሁ» አልኳት።

«የማልሽበት አጥንት የኔም አባት አጥንት ነው። እስካሁን ሲወጋ የኖረው እኔን ነው።» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተም፣ ከሞት ጎትታ አውጥታህ ‹በያት› ትለኛለህ። ይኸው አጠገብህ ተቀምጣለች።»

ወደ ሜጋ የሚያልፍ አይሱዙ አስቆመች። ወደ ጋቢናው ስትወጣ ማናችንም ልንደግፋት አልደፈርንም። «ስትነጋገሩ ኑ» አለች በመስኮቱ። «ካልሆነ ልጄ ሲወለድ አንዳችሁንም በቤቴ በር ላይ እንዳላይ።» አይሱዙው አቧራውን አልብሶን ሄደ።

መኪናው በሆዱ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የጀሪካኗ እጀታ የአየሩ ቱቦ ላይ ተጠልፏል። መኪናው በአንዴ ከተነሳ ቱቦውን ይበጥሰዋል፤ ያኔ እዚያው በረሃ ላይ መቅረታችን ነው። አንዱ ቁልፉን እየተጫነ፣ ሌላው ከጎን ሆኖ እያየ፣ «ጨምር፣ አቁም» መባባል አለበት። ቦናያም ያውቃል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔም ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የግራሯ ጥላ ሲዞር ፍየሎቹ ተነስተው አብረው ዞሩ። እኛ ፀሐይ ላይ ነን።

አባቴን በሆዴ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አፌ ደም ደም ይላል፣ ንዴቴም አልበረደም።

«ሞተሩን አስነሳ» አልኩት።

ቦናያ ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሬን አየ። «እሺ፣ እትዬ» አለ። እትዬ ብሎኝ አያውቅም።

«ቀስ ብለህ ተጫን። ቀስ አልኩህ፣ ደንቆሮ ነህ እንዴ?»

«እየተጫንኩ ነው፤ አንቺ አትጩሂብኝ።»

«አቁም። ባትረግጠኝ ኖሮ ድሮ በወጣህ፣ አህያ።»

«ሰው ተኝቶ እግሩ ሲያዝ ምን ያርግ? አፍ የለሽም?»

እጀታው ተላቀቀ፤ መኪናው ብድግ አለ። እስከ ሜጋ ድረስ ስንሰዳደብ ሄድን፤ እሱ በኦሮምኛ፣ እኔም በኦሮምኛ፣ አንዳንዴ ሁለታችንም በአማርኛ። ስለ ባል ማጣቴ ያላትንም አነሳሁበት፤ «ጥፋቴ ነው» አለና ወዲያው ደግሞ ተሳደበ። ረሆቦት ከሠርጉ ቤት ውስጥ ሆና ጩኸታችንን ከሩቅ ሰማች፤ ወጥታ በሩን ራሷ ከፈተችልን።