የግማሹ አሥረኛ ዙር

ልብስ ሰፊው ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ሦስቴ የሚለካ ሰው ነው፤ አፉን ግን አንዴም ለክቶ አያውቅም። ቢለካማ ኖሮ በእህል ፊት፣ ሚስቱና ወንድሟ እየሰሙት፣ «ዘንድሮም ካልጨረስኩ ሳይክሉን ውሰደው!» ባላለ ነበር። የሚስቱ ወንድም ዳቦ ጋጋሪ ነው። የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ «እህቴ፣ ሰምተሻል» አለ። በማግስቱ ሱቁ ድረስ መጥቶ ኮርቻውን በራሱ ቁመት ለክቶ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በከተማው በየዓመቱ የሳይክል ውድድር አለ፤ አሥር ዙር ነው። ከገበያው አደባባይ ተነስቶ በዳቦ ቤቱ በኩል ቁልቁል ይወርድና በመድኃኒት ቤቱ ጥግ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ድንጋይ የተነጠፈበት ዳገት ነው። ዳገቱን የጨረሰ በሜዳው ተንደርድሮ ወደ አደባባዩ ይመለሳል። ሕጉ ምሕረት የለውም፦ ፊተኛው ሙሉ ዙር ደርቦ የደረሰበት ሰው በዳኛ ፊሽካ ይወጣል። ልብስ ሰፊው ደግሞ እስካሁን በተወዳደረበት ዓመት ሁሉ በፊሽካ ነው የወጣው። ስሙ ቀርቶ «ግማሹ» ተብሏል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሳይቀር «ግማሹ አለ?» ብሎ ይገባና «ሱሪዬን ግን አደራ፣ ግማሽ እንዳታደርገው» ይላል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ እየሳቀም ያመዋል።

ሳይክሉን ይወደዋል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ይውላል። ሳይክሉም ላይ ያው ማጎንበስ ነው፤ ግን እዚያ ነፋስ አለ።

የውድድሩ ቀን ወጣቶቹ ገና ከመነሻው ጥለውት ሄዱ። እሱም አልተከተላቸውም። የሰው ጨርቅ እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ፣ አንዱን ዙር በአንዱ ላይ ደረበ። ሚስቱ ውኃ ይዛ ዳገቱ አናት አጠገብ ቆማለች። ዳቦ ጋጋሪውም ሱቁን ዘግቶ አጠገቧ ቆሟል። ባለፈ ቁጥር «ኮርቻዬን ብዙ አታሙቀው!» እያለ ይጮህበታል።

ስህተቱ የተሠራው በስምንተኛው ዙር ነው። ልብስ ሰፊው ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ጆሮው ፊሽካ ብቻ እየጠበቀ፣ ዳገቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ሚስቱ ባላት ድምፅ ሁሉ «አለቀልህ!» አለችው።

ይህቺ ቃል የሱቃቸው ቃል ናት። ለደንበኛ ልብሱ ሲደርስለት ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና ብላ «አለቀልህ» ትላለች፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ዳገት ላይ ላለ ሰው ግን ሌላ ናት። ልብስ ሰፊው ፍሬን ያዘ። ወረደ። ሳይክሉን ጥግ አስደግፎ ደረቱ ላይ የተሰፋውን ቁጥር መፍታት ጀመረ። ራሱ ስለሰፋው ክሩ በቀላሉ አልበጠስ አለ እንጂ፣ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» ብላ ሚስቱ ሮጣ መጣች።

«አለቀልህ አላልሽም? ደረሱብኝ አይደል?»

«ዳገቱ አለቀልህ ነው ያልኩህ! አንተ ሰውዬ፣ እኔ ላበርታህ ብዬ! ውጣ በላ!»

ዳቦ ጋጋሪው ከሁሉም በላይ ጮኸ። «ምን ይገትርሃል? ንዳ እንጂ!» ብሎ ከኋላ ሊገፋው እጁን ዘረጋ። እህቱ እጁን በጥፊ መታችው። «እንዳትነካው! የተገፋ ይሰረዛል!» ዳቦ ጋጋሪው እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ «በርታ! በርታ!» እያለ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አብሮት ሮጠ። ሳይክሉ የሱ ሊሆን አንድ ግፊት ብቻ ቀርቶት እንደነበር ትዝ ያለው፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለከልክ ነው።

በዘጠነኛው ዙር ከፊተኛው ቀድሞ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ጡሩምባ ከኋላው ተሰማ። ልብስ ሰፊው ዞሮ አላየም። በሜዳው ላይ ያለ የሌለ ኃይሉን ፔዳሉ ላይ አወረደው። መስመሩን ሲያልፍ ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ጉንጩን ነፍቶ ነበር። ፊተኛው እሱን ተከትሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ገባ፤ ሕዝቡም ዋጠው።

ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «ምን ታየኛለህ? አንድ ዙር አለህ፤ ሂድ!»

አሥረኛውን ዙር አይቶት አያውቅም። እንዲህ ጸጥ ያለ መሆኑን ማን ነግሮት! መንገዱ ላይ የቀረ ሰው የለም፤ ሁሉም ሽልማት ሊያይ ወደ አደባባዩ ሄዷል። የመድኃኒት ቤቱ ሴት በሯን እየጠረገች ነበር፤ ሊያልፍ ሲል መጥረጊያዋን ሰብሰብ አደረገችለት። ዳገቱ ላይ ሚስቱ ብቻዋን ጠበቀችው። እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በእግሯ አብራው መሄድ አላቃታትም።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«የማን ጉልበት?»

ሳቀች። «ለሰኞ የምናደርሰው ኮት አለ፤ እንዳትሞትብኝ» አለችው። እሱም አልሞትም አላት። ልብስ ሰፊው በሕይወቱ እንዲህ ደክሞትም፣ እንዲህ ደስ ብሎትም አያውቅም።

ሲገባ የሽልማቱ ጠረጴዛ እየታጠፈ ነበር። ዳኛው ብቻ ባንዲራውን ዝቅ አደረገለት። ወርዶ ቢቆምም ጣቶቹ ከመሪው አልላቀቅ ስላሉት ሚስቱ ከኋላው ደርሳ አንድ በአንድ ፈታችለት።

ዳቦ ጋጋሪው ራሱን አከከ። «እንግዲህ ያንተው ነው። አንዴ ብቻ ልሞክረው?»

«ውሰድ፤ ዙረው።»

ቁልቁሉን እየዘፈነ ወረደ። ባልና ሚስት የአደባባዩ ደረጃ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። እስኪመጣ ድረስ አደባባዩ ባዶ ሆነ። በመጨረሻ ብቅ ሲል በእግሩ ነበር፤ ሳይክሉን እየገፋ፣ ፊቱ እንደ ምድጃው ቀልቶ። ከአማቹ ፊት ቆመና ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀ።

«ያንን ዳገት» አለ፣ «አሥር ጊዜ?»

«አሥር ጊዜ» አለ ልብስ ሰፊው።

ዳቦ ጋጋሪው ሳይክሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አስረከበው። ልብስ ሰፊው ሊስቅ አፉን ከፈተና ሳያስበው አለቀሰ።