በሌላ ሰው ስም የገባችው ጎል

የሳን-ፍሎራን ኮከብ እግር ኳስ ክለብ ዘንድሮ ዘጠና ዓመት ሞላው፤ ታሪኩን እንድጽፍ የተፈረደብኝም እኔ ነኝ። «ኦዲል ትጻፈው» አሉ በስብሰባ፣ እጃቸውን እያወጡ። እጄን ያላወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን እውነታቸውን ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ያገለገለች፣ እሁድ እሁድ የሜዳው ኪዮስክ ውስጥ ቋሊማ የምትጠብስ፣ የማን ታኬታ እንደሚሸት ሳይቀር የምታውቅ ሴት ከየት ትመጣለች?

መጀመሪያው አላስቸገረኝም። ክለቡን በ1934 የመሠረቱት የባቡር ጥገና ሠራተኞች ናቸው። ማሊያችን ሰማያዊ የሆነው ከሥራ ቱታቸው በተረፈ ጨርቅ ስለተሰፋ ነው። የድሮው ሜዳ ወደ ቦዩ ያዘነበለ ስለነበር ኳሷ ውኃ ውስጥ ስትገባ የበረኛው አጎት በጀልባ እየሄደ ያወጣት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ድንች ተተከለበት። ከዚያ በኋላ ወጣን፣ ወረድን፣ ወጣን፣ ወረድን፣ ወረድን። አሁን በሐዲዱና በመቃብሩ አጥር መካከል ባለችው ሜዳችን ላይ፣ ከታች ሁለተኛ በሆነው ዲቪዚዮን እንጫወታለን። ባለፈው ወር ሰባት ለዜሮ ተሸንፈን «በረኛችን ግን ጎበዝ ነበር» ተባባልን። እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

ብዕሬ የቆመው ጥር 1973 ላይ ስደርስ ነው። በዚያ ወር፣ በአንድ እሁድ፣ በፈረንሳይ ዋንጫ፣ ከሰሜን የመጣ ደሞዝተኛ ቡድን አንድ ለዜሮ አሸነፍን። በሳን-ፍሎራን ይህን የማያውቅ የለም። ጎሏን ያገባው ሬጂ ቦሹ መሆኑንም የማያውቅ የለም፤ ጋዜጣ ላይ የወጣው ፎቶው ኪዮስኬ ውስጥ ከፍሪጁ በላይ ተሰቅሏል። ከንቲባዋም አዲሷን ትሪቡን በስሙ ልትሰይምለት ነው። ችግሩ፣ ሬጂ ያቺን ጎል ማግባት ይቅርና በዓይኑም አላያትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጨዋታው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሬጂ ሥራ ቦታ እግሩ ላይ ብረት ወደቀበትና ጣቱ ተሰበረ። ሌላ አጥቂ አልነበረንም። የነበረን አዴሊኖ ፋሪያ ነው። አዴሊኖ የሃያ አንድ ዓመት ግንበኛ ነበር፤ አፍሪካ ሄዶ እንዳይዋጋ ብሎ ከፖርቱጋል ተራራ ለተራራ በእግሩ አቋርጦ የመጣ። ግራ እግሩ ተአምር ነበር። የመኖሪያ ወረቀት ግን አልነበረውም፣ ያለ ወረቀት ደግሞ ፌዴሬሽኑ የተጫዋች መታወቂያ አይሰጥም።

አሰልጣኛችን ቫንሶ የሬጂን መታወቂያ አነሣና ለአዴሊኖ ሰጠው። በታች ዲቪዚዮን ይህ ብርቅ አልነበረም፣ ሁሉም ክለብ ያደርገው ነበርና አሁን እንዳፍር አትጠብቁ። ፎቶው ብቻ ነበር ያስቸገረው፤ ሬጂ ሪዛም ነው። አዴሊኖ በሦስት ሳምንት ሪዝ አሳደገ። የጨዋታውን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በገዛ እጄ፦ ዘጠኝ ቁጥር፣ ቦሹ ሬጂ። ዳኛው ከጨዋታው በፊት እንደ ደንቡ ስም እየጠራ ፊትና ፎቶ ሲያመሳክር፣ አዴሊኖ ጋ ደርሶ ሪዙን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ አለፈ።

እውነተኛውን ሬጂን የውኃ ማሞቂያው ክፍል ውስጥ ቆለፍንበት። አንድ ሜዳ ላይ ሁለት ሬጂ አይቆምም። በሰባ አንደኛው ደቂቃ መጀመሪያ ባቡር ሲያልፍ ሰማ፣ ከዚያ ጩኸት ሰማ፤ የማን ጩኸት እንደሆነ ግን አላወቀም። ጋዜጠኛው የጎሉ ባለቤት ይምጣልኝ ሲል ከፈትንለት፣ ማሊያ አለበስነው፣ ባልዲ ሙሉ ጭቃ ደፋንበት። እያነከሰ ወጣ። ጋዜጣው «የቆሰለው ጀግና» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ለሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ሁሉ ሬጂን «እስቲ ንገረን» ይለዋል። ይናገራል። አዴሊኖ አስጠንቶታል፣ አንድም ቃል አይስትም፦ በረኛው በቡጢ መለሳት፣ ከሳጥኑ ጫፍ በግራ እግሬ ሳልገድባት መታኋት፣ ባቡሩ እያለፈ ነበር፣ የላይኛውን ብረት ከውስጥ ነክታ ገባች። አዴሊኖ ጥግ ላይ ቢራውን ይዞ ይሰማል፣ ከንፈሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። እኔ ያንን ከንፈር ማየት አልችልም፣ ዞር ብዬ ቋሊማዬን አገላብጣለሁ።

የትሪቡኑ ምረቃ ሳምንት ሲቀረው ሬጂ ምርኩዙን ይዞ ኪዮስኩ ድረስ መጣ።

«ኦዲልዬ፣ እውነቱን ጻፊው» አለኝ።

«ምን ነካህ?»

«ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስሜ ትሪቡን ላይ ሊለጠፍ ነው፣ የልጅ ልጆቼ ሥሩ ፎቶ ሊነሱ ነው። ያላየኋትን ጎል ይዤ መሞት አልፈልግም። ትመለስለት።»

ከልቡ ነበር፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወዲያው አዴሊኖን ጠራሁት። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሜዳውን መስመር የሚቀባው እሱ ነው። ጋሪውን እየገፋ መጣ፣ ያው ሪዙ አሁን ሸብቷል።

«አይሆንም!» አለ ገና ሳልጨርስ። «ከጻፍሽ ውጤቱን ይሰርዙታል። ሦስት ለዜሮ ፎርፌ!»

«ሃምሳ አንድ ዓመት እኮ ሆነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«ወረቀት አያረጅም፣ እመቤቴ። እኔን ጠይቂኝ። ይሄን ሪዝ እስካሁን ያቆየሁት አምሮኝ መሰለሽ? አንድ ቀን እናጣራ ቢሉስ ብዬ ነው።»

«አዴሊኖ፣ አሁን አንተ ፈረንሳዊ ነህ» አለው ሬጂ። «እዚህ አግብተሃል፣ ወልደሃል፣ ግማሹን ከተማ ገንብተሃል። ማንን ነው የምትፈራው?»

«ለራሴ መሰለህ? ክለቡ አንዲት ጎል ናት ያለችው። እሷንም ላስወስድባችሁ?»

ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ያን ቀን የቀባው መስመር ተጣሟል፣ እሁድ ተጫዋቾቹ ሲሳሳቁበት ዋሉ። እኔም መጽሐፉ ላይ ለጥር 1973 አንድ ገጽ ባዶ ተውኩ። የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሰውዬው ሳይፈቅድ እንዴት እጽፋለሁ?

የምረቃው ቀን ፀሐይ ወጣ። ሁለት መቶ ያህል ሰው ተሰብስቧል፣ ለኛ ይህ ሕዝብ ነው። ከንቲባዋ ተገኝተዋል፣ ከፌዴሬሽኑ የተላከ ከረባት ያሰረ ወጣት አለ። የትሪቡኑ ስም በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከንቲባዋ ድምፅ ማጉያውን ለሬጂ ሰጡና «ጨርቁን ከመግለጣችን በፊት፣ ያቺን ጎል አንድ ጊዜ ይንገሩን» አሉት።

ሬጂ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑ ሰው መሐል አዴሊኖን ፈልጎ አገኘው።

«በረኛው በቡጢ መለሳት» አለ።

የአዴሊኖ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«ኳሷ ከፍ ብላ መጣች። እኔም ዘለልኩና በጭንቅላቴ መታኋት።»

ሰዉ ተያየ። ሁሉም ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። አንዱ «አረጀ በቃ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። የአዴሊኖ ከንፈር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ባቡርም አልነበረም» አለ ሬጂ። «ጸጥ ያለ ቀን ነበር። ኳሷ የበረኛውን ጉልበት ነክታ፣ እየተንፏቀቀች፣ በዕድል ገባች።»

«በዕድል?!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። አዴሊኖ ነው። ፊቱ ቀልቷል፣ ሰው እየገፋ ወደ ፊት ይመጣል። «የምን ዕድል! የምን ጭንቅላት! በግራ እግሬ ነው! ሳልገድባት! ባቡሩ እያለፈ በግራ እግሬ ነው የመታኋት!»

አዴሊኖ ያለውን የሰማው ከሁላችንም ዘግይቶ ነው። እጁን አፉ ላይ፣ ሪዙ ላይ ጫነ።

ከንቲባዋ «በእግርዎ?» አሉ ግራ ተጋብተው።

«አዎ፣ በእሱ እግር» አለ ሬጂ በድምፅ ማጉያው። «እኔ የውኃ ማሞቂያው ክፍል ተቆልፎብኝ ነበር። ቁልፉም ኦዲል ኪስ ነበር።»

ሁለት መቶ ሰው ወደ እኔ ዞረ። አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ። አዴሊኖ ግን የሚያየው ከረባት ያሰረውን ወጣት ብቻ ነው።

«ውጤቱን ልትሰርዙት ነው?» አለው።

ወጣቱ ሁላችንን አየን። የያዘውን ደብተር ዘጋና ክንዱ ሥር አደረገው።

«አባባ፣ ቅሬታ የሚቀርበው ከጨዋታው በኋላ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ነው» አለው። «አልፏል።»

ሰዉ በሳቅና በጭብጨባ አበደ። እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ጨርቁ ሳይገለጥ ቀረ፤ ከንቲባዋ ሌላ እናሠራለን አሉ። ሬጂ ምርኩዙን ጥሎ አዴሊኖን አቀፈውና «በል አሁን አንተ ንገረኝ፤ አይቻት አላውቅም» አለው። አዴሊኖም ነገረው፣ በራሱ አፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ቆሞ በእግሩ እያሳየ። ሬጂ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው።

ማታውኑ ባዶዋን ገጽ ሞላኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ኪዮስኩን ስከፍት አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ጋሪ እየገፋ መስመር ይቀባል። «ማነህ አንተ? ጋሪው እኮ የአዴሊኖ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። ቀና አለ። ከአፍንጫው በታች ያለው ቆዳ ፀሐይ እንዳላየ ነገር ነጭ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» አለኝ። «ተላጨሁት።»