ልጆችዎ ተጋጥመዋል

እኔና ታላቅ ወንድሜ ጠባችን የሚጀምረው ከሰላምታ ነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ እኔ ልብስ ሰፊ። ተሳፋሪ ላይ ያልጮኸውን ሁሉ አጠራቅሞ እኔ ሱቅ ይመጣል፤ እኔም ዝም ብላ የምትሰማ ሴት አይደለሁም። እማዬ ዕድሜዋን የጨረሰችው እኛን ስትገላግል ነው።

የደም ካንሰር ሲይዘው ጠቡም ጠፋ። የኬሞ ሕክምናው በሽታውን ገፋው፤ እንዳይመለስበት ግን የሌላ ሰው ስቴም ሴል፣ ማለትም ደም የሚሠራው ሴል፣ ያስፈልገዋል ተባለ። የእናት ያባት ልጅም ቢሆን የሚገጥመው ከአራት አንዱ ነው። ደሜን ሰጥቼ ውጤት ስጠብቅ ልቤ እዚያ ቀርቶ የደንበኛዬን የኮት ኪስ እጅጌው ላይ ሰፋሁት።

የወንድሜ ዶክተር ስትደውል የቤቱን ስልክ ያነሳችው እማዬ ናት።

«እናቴ፣ ልጆችዎ ሙሉ በሙሉ ተጋጥመዋል!»

እማዬ ስልኩን ዘግታ ሱቄ ድረስ ከነፈች። ነጠላ ጫማዋ የግራና የቀኝ እንኳ አልነበረም፤ ሁለቱም የግራ ነበሩ።

«አንቺ! በሽተኛ ወንድምሽን ገጠምሽው?»

«እኔ? መቼ?»

«ሐኪሟ ራሷ ደውላ ከሰሰችሽ! ሙሉ በሙሉ ተጋጥመዋል አለችኝ! ሆስፒታል ውስጥ፣ በሰው ፊት!»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። «እማዬ፣ ሴሉ ነው የገጠመው! እኔ እሰጠዋለሁ ማለት ነው!»

ልትመታኝ ባነሳችው እጅ አንገቴን አቀፈችኝ። ተላቀስን፤ ኮቱን ሊወስድ የመጣው፣ እጅጌው ላይ ኪስ ያለው ደንበኛዬም ምኑም ሳይገባው አብሮን አለቀሰ።

ሴሎቹን የሚያበዛው መርፌ አጥንቴን ቆረጠመኝ፤ ከዚያ ማሽኑ ደሜን ከአንድ ክንዴ እየሳበ፣ ሴሉን እያስቀረ በሌላው መለሰልኝ። ወንድሜ ከአልጋው ሆኖ ሴሎቼ የተጠራቀሙበትን ከረጢት አየው።

«ያ ሁሉ ምላስ እዚህ ውስጥ ገባ?»

«ሲገባልህ ሰው ትሆናለህ» አልኩት። ደስ አለኝ፤ ናፍቆኝ ነበር።

ሴሎቼ ለመዱለት፣ ሐኪሞቹም ተደሰቱ። ከሳምንታት በኋላ ግን መዳፉና ጀርባው ቀልቶ ያሳክከው ጀመር። ሲነግረኝ አልቀለደም። የኔው ሴል ሊገድለው ነው ብዬ ወደ ዶክተሯ ሮጥኩ።

ዶክተሯ መርምራው ወጣች። «ትንሽ ተጋጥመዋል። የእህቱ ሴሎች ገላውን እንደ ባዳ አይተውት...»

«ተመስገን!» አለች እማዬ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ።

«እማዬ፣ አሁን እንኳ እውነትም ጠብ ነው!»

ዶክተሯ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «እናትሽ ብዙም አልተሳሳቱም። ቆዳው ላይ ብቻ ነው፤ በመድኃኒት እናበርደዋለን። ደግሞ እንዲህ ቁጡ የሆኑ ሴሎች የተደበቀ ካንሰር ካገኙም አይምሩትም።»

በቁጣዬ የኮራሁበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

ሽፍታው በመድኃኒቱ ጠፋ። ከወራት በኋላ የመጨረሻው ውጤት መጣ፤ ካንሰር የለም፣ ደሙም ሙሉ በሙሉ የኔ ሆኗል። ወንድሜ ከሆስፒታል በቀጥታ ሱቄ መጥቶ ያጠበብኩለትን ሱሪ ለካው።

«ይሄ ሱሪ ነው ጆንያ?»

«የከሳኸው አንተ፣ ጥፋቱ የኔ?»

«ልክ መውሰድ መቼ ታውቂና!»

«በገዛ ደሜ ትሰድበኛለህ?»

ጩኸታችን መንገድ ደርሶ ኖሮ እማዬ በሩ ላይ ቆመች። እንደ ልማዳችን ዝም ብለን እስክትገላግለን ጠበቅን። እሷ ግን ወንበር ስባ መሀላችን ተቀመጠችና ዓይኗን ጠረገች።

«ምን አቆማችሁ?» አለች። «ተጋጠሙ እንጂ!»