የቆቅ አንገት

ቆቅን እንደ ዶሮ የሚሠራ ሰው ምግብ አያውቅም። ቆቅ ስብ የላትም፤ ጥድፊያም አትወድም። በትንሽ እሳት፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ሥጋዋ ከአጥንቷ ልላቀቅ እስኪል ድረስ ነው የምትቀቀለው። ሳማው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀንበጡን በጨርቅ ይዞ መቅጠፍ፣ በፈላ ውሃ ማሳለፍ፣ ከዚያ መጨመር። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ኮምቦልቻ ውስጥ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ያን ቀንም እንደዚሁ አድርጌ ሠርቻት ነበር። የበላት ግን የለም።

ሰማንያ አንድ ላይ ነው፤ ወጣት እየታፈሰ በደሴ በኩል ወደ ጦር ሜዳ የሚጫንበት ጊዜ። ልጄን ሸረፈዲንን ባዶው የእህል ጎታ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጅቡቲ ሄዷል» እላለሁ። አባቱ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ቤቴ ወንድ የሌለበት ቤት ሆነ።

ወንድ የሌለበት ቤት ደግሞ ዶሮ አያርድም። በእኛ አገር ሴት ቢላ ይዛ ወደ አንገት አትሄድም፤ ዶሮዋን ታቅፋ ደጅ ትቆምና የሚያልፈውን ወንድ ትለምናለች። እኔ የምጠራው የጎረቤቴን ልጅ ሀምዱን ነበር። ባሌ ነው ማረድ ያስተማረው፣ ከልጄ ጋር አንድ ላይ። አርዶልኝ ሲጨርስም ፈረሰኛውን እኔው አጎርሰው ነበር። አሁን አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ተሸክሟል። እሱን ቤት ከማስገባ ሥጋ ይቅርብኝ ብዬ ተውኩ። ከቦርከና ወንዝ አምባዛ አጠምዳለሁ፤ በአመድ አሽቼ ዝልግልጉን አስለቅቄ እቀቅለዋለሁ። አሳ ወንድ አያስጠራም፤ ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅም የለም። በአሳና በሳማ ክረምቱን ወጣን።

ጥቅምት ላይ ልጄን ሳል ያዘው። አሳው አልወርድልህ አለው። ጎታ ውስጥ ተደብቆ የሚያስል ሰው ደግሞ ቆሞ እንደሚጮህ ነው። መረቅ ያስፈልገዋል ብዬ ከቁጥቋጦው ሥር ወጥመድ ዘረጋሁ። ሁለት ቆቅ ገባልኝ። አንዷ ደህና ናት፤ ሌላዋን ግን ገመዱ አንቋት፣ ቤት ሳስገባት ዓይኗን መክደን ጀምራለች።

«እማ፣ በክት ልትሆን ነው! ቢላውን አምጪ» ብሎ ከጎታው ወጣ።

«ግባ አንተ! ሰው ያይሃል።»

«በሩ ተዘግቶ ማን ያየኛል? ሳትሞት!»

ቢስሚላህ ብሎ በአንድ ስበት ቆረጣት። ልክ እንደ አባቱ። ደህናዋን ቅርጫት ደፋሁባት፤ እሱን መልሼ ከተትኩት።

ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ሀምዱ በሩን ገፋው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማ መዲና! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው? ሰዉ ጎመን አጥቶ እርስዎ ሥጋ!»

«ወአለይኩም ሰላም። ከጠመንጃህ አፍንጫህ ይቀድማል አይደል?»

ሞላ የሚባለው ሌላው ጠባቂ ከኋላው ሳቀ። ሀምዱም እየሳቀ ክዳኑን ከፈተ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ቆቅ ናት።»

«ዓይንህስ ደህና ነው።»

«ማን አረደልዎ?»

ክዳኑን ከእጁ ተቀብዬ ድስቱን ከደንኩ።

«ራሴ።»

«እርስዎ? እኔ ሳርድ ፊትዎን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩት?»

«ያኔ የሚያርድልኝ ሰው ነበረኝ። እሱ የሰውን ልጅ ማደን ሲጀምር እኔም ቢላ ለመድኩ።»

«ልክ ልክህን ነገሩህ!» አለ ሞላ። ሀምዱ አልሳቀም። ቅርጫቱ ሥር ሌላዋ ስትንኮሻኮሽ ሰምቷል።

«እንግዲያው ይችንም ይረዷትና ልይ።»

ወደ ቂብላ ዞርኩ። ቢስሚላህ አልኩ። ቢላው ስል ነው፤ እጄ ግን መንገዱን አያውቀውም። እንደ መጋዝ አመላለስኩት። ቆቋ ከነግማሽ አንገቷ አምልጣኝ ተወራጨች፤ ጎታው ላይ ተላትማ ወደቀች። ከውስጥ ትንፋሽም አልተሰማ።

«ይኸው ታረደች» አልኩት።

ሀምዱ ጎንበስ ብሎ አመዱ ላይ የጣልኩትን የፊተኛዋን አንገት አነሳ። ከአሁኗ ጋር አስተያያቸው። አንዱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ሌላው የተቦጫጨቀ።

«ይቺ የእርስዎ ናት» አለ። «ይቺ የሸረፈዲን ናት። አብረን ነው የተማርነው።»

ሞላ መሳቅ ተወ። ቢላውን እንደያዝኩ ጎታው ፊት ቆምኩ።

«ሀምዱ፣ ያጎረሰህ እጅ ነው ይሄ።»

«ዛሬ ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው መሄድ አለበት፣ እማ። ከጠፋ እኔን ነው የሚጭኑኝ።»

ያን ጊዜ ከጎታው ውስጥ የልጄ ሳል ፈነዳ።

ልጄ በራሱ ወጣ። «ቢላውን አስቀምጪ፣ እማ» አለኝ። ወደ ድስቱ አየና «ከመረቁ ትንሽ ልቅመስና ልሂድ» አላቸው። ሞላ ፈቅዶ ነበር። ሀምዱ «መኪናው ቆሟል» አለ።

ድስቱን እንዳለ ቦርከና ደፋሁት። ከልጄ ሰውም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ።

ደርግ ሄደ፤ ሀምዱ ጎረቤቴ እንደሆነ ቀረ። ዶሮ ይዤ ሲያየኝ ደጄ ላይ ቆም ይላል።

«ልረድልዎ፣ እማ መዲና?»

«እለፍ» እለዋለሁ።

አልፎ እስኪሄድም አልጠብቅም። እያየኝ ወደ ቂብላ እዞራለሁ። አሁን በአንድ ስበት ነው።